የራዚቅ እጅ

ሸርዲል ከካቡል በስተሰሜን ወይን እያለማ የሚኖር ሰው ነው። ጦርነቱ ጋብ ሲል ቤተሰቡ ከስደት ተመለሰና፣ እሱና ታላቅ ወንድሙ ራዚቅ ደለል የሞላውን የመስኖ ቦይ መጥረግ ጀመሩ። ቦዩ ውስጥ የተቀበረ ፈንጂ ነበር፤ የረገጠው ሸርዲል ነው። ራዚቅ «እንዳትንቀሳቀስ!» እያለ ደረሰለት፤ ሁለቱንም ቁርጭምጭሚቶቹን ጨምድዶ ይዞ የኋሊት ወደ መንገዱ ይጎትተው ጀመር። እንዲያ ሲጎትተው ራሱ ሌላ ፈንጂ ረገጠ።

የሸርዲልን ግራ እግር ከጉልበቱ በታች ቆረጡት። ራዚቅ የተቀበረው እሱ ሆስፒታል ተኝቶ ሳለ ነው።

ቁስሉ ሲደርቅ ሰው ሠራሽ እግር ወደሚገጠምበት ማዕከል ወሰዱት። ቀልድ የማይጠፋበት ቤት ነው። ቀኝ እግሩን ያጣ አንድ ሾፌር ገና ሲያየው፣ «እሰይ! ግራህን ነው ያጣኸው? በቃ፣ ከእንግዲህ አንድ ጫማ ለሁለት ነው የምንገዛው!» አለው። ቤቱ በሳቅ ፈነዳ፤ ሸርዲል ግን ፈገግም አላለ። አዲሱን እግር አጥልቀውለት በመደገፊያ ብረቶቹ መካከል ሲያቆሙት፣

«ቁርጭምጭሚቴ ላይ ጠበቀኝ» አለ።

አሠልጣኙ ሰኽዳድ የራሱም አንድ እግር እንዲሁ የተሠራ ነው። ጎንበስ ብሎ ፕላስቲኩን አንኳኳ። «እዚህ ጋ እኮ ምንም የለህም፣ ወንድሜ።»

«አለ። እጅ ነው። አምስቱም ጣቶች ይታወቁኛል።»

ሰኽዳድ አልሳቀበትም። በማግስቱ ረጅም መስታወት በእግሮቹ መካከል አቆመና ደህነኛውን እግር በመስታወቱ እያየ እንዲያፍታታ አደረገው። የጠፋው እግር ከነጣቶቹ ተመልሶ የመጣ ይመስላል። እንዲህ ሲያደርጉ ሰነበቱ። አንድ ረፋድ ላይ ቁርጭምጭሚቱን የያዙት የእጅ ጣቶች አንድ በአንድ ላሉ። እጁ ለቀቀው።

ሸርዲል መስታወቱን ገፍትሮ ጣለው።

«መልስልኝ! ማን አስለቅቀኝ አለህ?»

ከዚያ ወዲያ እግሩን አላጠልቅም አለ። ፊቱን ወደ ግድግዳ አዙሮ፣ ጉማጁን በመዳፉ ጨብጦ፣ ያ እጅ ይመለስ እንደሆነ ይጠብቃል። አልተመለሰም። ሰኽዳድ የወንድሙን አሟሟት ሰምቶ ኖሮ፣ ሻይ ይዞለት መጥቶ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጠ።

«ወንድምህ ወዴት ነበር ሲጎትትህ የነበረው?»

«ወደ መንገዱ።»

«ታዲያ እዚህ ማንን ትጠብቃለህ?»

ሸርዲል ሰደበው። ሻዩን ግን ጠጣ፤ ከሰዓት በኋላም ብረቶቹን ይዞ ቆመ።

መንደሩ የገባው ወይኑ ተለቅሞ ሲያልቅ ነው። እናቱ ግቢ ውስጥ ጀርባዋን ሰጥታ ዘቢብ ታሰጣ ነበር። ኮቴ ሰማች። የሸርዲል እርምጃ ድሮ ቀላልና ፈጣን ነበር፤ ይሄኛው ይከብዳል፣ ይዘገያል፣ ቁርጥ የታላቁን።

ሳትዞር፣ «ራዚቅ?» አለች።

ሸርዲል ግቢው በር ላይ ቆመ። «እኔ ነኝ፣ እማዬ» እስኪላት ድረስ ሁለቱም ካሉበት አልተነቃነቁም።

አሁን ወይኑን የሚገርዘው እሱ ነው፤ የራዚቅንም ልጆች ያሳድጋል። እናቱ እርጅና ተጭኗት ኮቴውን በሰማች ቁጥር የሟቹን ስም መጥራት ለምዳለች። ሸርዲል አያርማትም።

«አቤት» ይላታል።