የሉሊት አንድዬ ክሪስታል

ሉሊት ሥራዋን ለዘመድ ማስረዳት ከተወች ቆይታለች። ፕሮቲንን እንደ ጨው ፍሬ አጠንክራ ክሪስታል ታደርግና፣ በኃይለኛ የራጅ ጨረር እያስመታች ቅርጹን ታጠናለች። ጨረሩን የሚያመነጨው ማሽን ሲንክሮትሮን ይባላል፤ ስፋቱ አንድ ሰፈር ያህላል፤ ያለውም እሷ ከምትኖርበት ከአትላንታ ርቆ ቺካጎ አጠገብ ነው። ክሪስታሎቿን አቀዝቅዛ ትልክና፣ ተራዋ ሲደርስ አትላንታ ዳር ስቶን ማውንቴን ባለው ቤቷ ሳሎን ቁጭ ብላ ማሽኑን በኮምፒውተር ታዛለች። ዘመድ ግን ዛሬም "ሉሊት ራጅ ታነሳለች" እያለ የጉልበቱን ሕመም ይነግራታል። እሷም ታዳምጣለች፤ ምን ታድርግ!

ስድስት ዓመት የለፋችው ቁንጭር የሚባለውን የቆዳ ቁስል በሚያመጣው ተውሳክ አንድ ፕሮቲን ላይ ነው። ለበሽታው የታሰበው መድኃኒት ፕሮቲኑ ላይ የት እንደሚጣበቅ ከታየ የላቦራቶሪው ፈንድ ይታደሳል፤ ካልታየ የእሷ ኮንትራት በሰኔ ያበቃል። ከአራት መቶ ሙከራ የረባ ክሪስታል የወጣው አንድ ብቻ ነበር።

ቅዳሜ ረፋድ ላይ ተራዋ ደረሰ። ዳውንታውን ፓርኪንግ የሚሠራው ባሏ ነቢዩ ኦፍ ስለነበር አጠገቧ ተቀመጠ። ጨረሩ ክሪስታሉን እያሳየ ያቃጥለዋል፤ ስለዚህ ደንቡ በስሱ ጨረር ጀምሮ፣ ከየጎኑ ምስል እያነሱ ክሪስታሉን ቀስ እያሉ ግማሽ ዙር ማዞር ነው። ይህን ለስንት ተማሪ ያስተማረችው ራሷ ናት። በስሱ ስትሞክረው የፕሮቲኑ ቅርጽ የሚሰላባቸው ነጥቦች ስክሪኑ ላይ ብቅ አሉ፤ ግን ደብዛዛ።

"ይታያል እኮ፤ አይበቃም?" አላት ነቢዩ።

"ኢነፍ አይደለም። ጨረሩን ኢንክሪዝ ላድርገው።"

"ሪስክ የለውም?"

"አለው" አለችና አሥር እጥፍ አደረገችው።

ምነው ያኔ እጇን ቄጤማ ባደረገው! የመጀመሪያዎቹ ምስሎች ጥርት ብለው ወጡ። "እልል በል ነቢዩ!" አለች። እሱ አፉን ሳይከፍት ነጥቦቹ ከዳር ከዳር መጥፋት ጀመሩ። ደንግጣ አቆመችው፤ ጨረሩን ቀነሰች፤ የክሪስታሉን ሌላ ጎን ሞከረች። ምንም የለም። ከሚፈለገው ዙር ሲሶው እንኳ አልተሰበሰበም።

"ሌላ የለሽም?"

"የለኝም።"

ትከሻዋን ሊይዛት ሲል እጁን ገፋችው። በማን ታሳብብ? ስድስት ዓመቷን ያቃጠለችው በገዛ ጣቷ ነው። ተስፋ ቆረጠች፤ አፈረችም።

ከተራዋ ገና አራት ሰዓት ይቀራታል። ብትለቀው ሌላ ተመራማሪ ይጠቀምበት ነበር። አልለቀቀችም፤ የሞተውን ክሪስታል፣ አሁን ልክ ደንቡ እንደሚለው፣ በስሱ ጨረር በዝግታ እያዞረች ባዶ ምስል ማንሳት ቀጠለች።

"ሉሊዬ፣ ምን እየሠራሽ ነው?"

"ዳታ እየሰበሰብኩ" አለች፣ ዓይኗን ከስክሪኑ ሳትነቅል።