የባለቤቴ ሞተር ሳይክልና የግራ እግሬ ጠባሳ

በ2011 ዓ.ም. በጋ ላይ ነው። ከሠላሳ ዓመት በላይ የያዝኩትን ውሸት አንድ ጋራዥ ውስጥ ስላራገፍኩ አልረሳውም። ሞተሯ ዛሬም ልጄን ታገለግላለች፤ ተመስገን።

ልጄ መቅደስ ከጂዳ ስትመለስ መጀመሪያ የጠየቀችኝ የአባቷን ሞተር ሳይክል ነው። ባለቤቴ፣ ነፍሱን ይማርና፣ በገሳይ መንገድ ከብት እየከተበ ይዞርባት ነበር። እሱ ካረፈ ወዲህ ዶሮ ያድርባታል። መቅደስ አጥባ ደብረ ታቦር ወሰደቻት፤ ሰይድ ለሚባል ባለጋራዥ። እኔም አብሬ ሄድኩ።

"አባዬ ሲነዳት እንደነበረችው ትሁንልኝ" አለችው።

ሰይድ ግን ተቸገረ። ይህች ሞተር በሁለት ዓይነት ተሠርታለች። የሚለዩት በጭስ ማውጫው፣ በማርሚታው ብቻ ነው። የአንደኛዋ በቀኝ ከታች ያልፋል፤ የሌላኛዋ በግራ ከፍ ብሎ። የእኛዋ ማርሚታ ተነቅሎ ጠፍቷል፤ የተቆረጠ ማሰሪያ በሁለቱም በኩል አለ፤ ቁጥሯንም ዝገት በልቶታል።

"ዛሬ ካልታወቀ ባገኘሁት እበይደዋለሁ" አለ። "ከተበየደ በኋላ መመለስ የለም።"

የመቅደስ ዓይን እንባ አቀረረ። "እማዬ፣ አታስታውሽም?"

"እሳቸውን ተያቸው" አለ ሰይድ። "የእኔም እናት የሞተር ፊትና ኋላ አትለይም።"

ነገሩ እንዲህ ነው። ልጃገረድ ሳለሁ ታራ ገዳምን በእግሬ ሄጄ ልሳለም ብዬ ከቤት ወጣሁ። የሄድኩት ግን በዚህችው ሞተር ከባለቤቴ ኋላ ተፈናጥጬ ነው። ያኔ ባለቤቴ አልነበረም። እንደ ጨዋ ልጅ ሁለቱንም እግሬን በግራ አድርጌ በጎን ተቀመጥኩ፤ የጋለው ማርሚታ ባቴን ላጠው። ለእናቴ በጸሎት ላይ የሰው ጧፍ አቃጠለኝ አልኳት። እሷም ለጎረቤት ሁሉ አሳየች። ጠባሳውን የተሳለሙም አሉ።

ለመቅደስም የነገርኳት ይህንኑ ነው።

ቀሚሴን እስከ ባቴ ሰበሰብኩ። "በግራ ነው" አልኩ። "ከፍ ብሎ።"

ሰይድ ጎንበስ ብሎ አየ። "እስቲ እንደዚያን ጊዜው ይቀመጡባት፣ እትዬ።"

ተቀመጥኩ። ጠባሳዬ የተቆረጠው የማርሚታ ማሰሪያ ፊት ለፊት ዋለ።

"አለቀ" አለ ሰይድ። "የግራዋ ናት።"

መቅደስ ጎንበስ ብላ ጠባሳውን በጣቷ ነካች። "ጧፉስ?"

"ጧፍ አልነበረም።"

"አባትሽን መጀመሪያ ያየሁት በሠርጋችን ቀን ነው ያልሽኝስ?"

"በሠርጋችን ቀንም አይቼዋለሁ።"

ሰይድ ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ፤ ትከሻው ይንቀጠቀጣል።

በማግስቱ ጠዋት ንስሐ አባቴ ዘንድ ሄጄ ሁሉንም ተናገርኩ። አርባ ስግደት አዘዙኝ። እዚያው ቅጥር ግቢው ጥግ ጀመርኩ። ሃያኛው ላይ፣ ያን ቀን ሞተሯ ላይ ባለቤቴ "አጥብቀሽ ያዢኝ" ሲለኝ "ጾም ነው" ያልኩት ትዝ አለኝና ሳቄ አመለጠኝ። እንደገና ከአንድ ጀመርኩ።