ጋራ ሐኪምን አውቀዋለሁ ያልኩ ዕለት

በሕይወቴ ትልቅ ውሸት ዋሽቼ አላውቅም። ለትልቅ ውሸት ትምህርት ያስፈልጋል፤ እኔ ደግሞ ከአራተኛ ክፍል ነው የወጣሁት። ከትንንሾቹ ውሸቶቼ አንዱ ግን አድጎ ተራራ አከለና ይኸው እስካሁን ተሸክሜው እኖራለሁ።

ስሜ ወለተሥላሴ ነው፤ ሰው ሁሉ ወለቴ ይለኛል። የተወለድኩትም ያደግኩትም ሐረር፣ ከግንቡ ውጭ ባለው ከተማ ነው። እናቴ ስትታመም ትምህርቱን ተውኩት። እናቴ ስትድን ወደ ትምህርት ቤት የሚመልሰኝ ጠፋ፤ እኔም መልሱኝ ብዬ አልጠየቅኩም። ባሌ ሾፌር ነበር። ጭነት ይዞ ወደ ጅጅጋ ሄደ፤ መኪናው ብቻ ተመለሰ። ከዚያ ወዲህ በአቶ ለገሠ ሆቴል ልብስ አጣቢ ነኝ። ሆቴሉ ዐሥራ አንድ ክፍል አለው፤ የአንሶላውን ብዛት ግን እኔን ጠይቁ።

በከተማችን የቧንቧ ውኃ ሲፈልግ ይመጣል፣ ሳይፈልግ ይቀራል። ስለዚህ አንሶላውን ተሸክሜ ከግንቡ በስተምሥራቅ ወዳለው ወንዝ እወርድ ነበር። እዚያ ሰዐዲያ የምትባል ወዳጄ የሰው ልብስ ታጥባለች። ጎን ለጎን ሳፋችን ላይ አጎንብሰን ስንፈትግ እንውልና የታጠበውን ዳገቱ ላይ ባለው ቁጥቋጦ እናሰጣለን። እጄ በሳሙና ተሰነጣጥቆ ጨው የነካሁ ቀን ያስለቅሰኛል። ከሕይወት የምመኘው አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ ከዚያ ሳፋ ቀና ማለት።

በ1961 ዓ.ም. ጥቅምት ላይ ሁለት ፈረንጆች መጡ፤ ባልና ሚስት ናቸው። አገራቸው ከሰሜን ጫፍ ነው፤ ከተማቸው ባሕር ዳር ሆና ከበላይዋ ዓመቱን ሙሉ የማይቀልጥ ግግር በረዶ አለ አሉ። ይህን የነገረን አው ዐብዱሰመድ ነው። አው የምንለው አዛውንትን ለማክበር ነው፤ የግንቡ ውስጥ ሰው ነው፣ በልጅነቱ ዐደን ለአንድ ነጋዴ ጸሐፊ ሆኖ እንግሊዝኛ ተምሮ የተመለሰ። በአቶ ለገሠ ሆቴል በር ላይ ተቀምጦ እንግዳ ይመዘግባል፣ ያስተረጉማል፣ በተረፈው ጊዜ እኛን ይተርባል።

«በአገራቸው ምን እንደሚሠሩ ታውቂያለሽ?» አለኝ። «ወገባቸውን በገመድ እርስ በርስ ይተሳሰሩና ሚስማር ያለው ጫማ አድርገው በረዶው ላይ ይሄዳሉ። በትንሽ ጀልባም በበረዶ ቋጥኝ መካከል ይቀዝፋሉ።»

«ምን አጥፍተው ነው?»

«ለደስታ ነው።»

«ማንም ሳያስገድዳቸው?»

«ወላሂ፣ ማንም ሳያስገድዳቸው። አሁንም እዚህ ደጅ ወጥቶ የሚሠራ ምን አለ እያሉ ይጠይቃሉ።»

እኔ ደጅ ወጥቶ የሚሠራ ብባል ማገዶ መልቀምና ውኃ መቅዳት ነው የሚታየኝ። አቶ ለገሠ ግን ነጋዴ ናቸው። በአለማያ ሐይቅ ላይ በጀልባ መቅዘፍ አለ፣ ጋራ ሐኪም መውጣት አለ፣ ግንቡን መዞር አለ ብለው ቆጠሩላቸው። ፈረንጆቹ ከተራራው እንጀምር አሉ። እዚህ ላይ አቶ ለገሠ ደነገጡ፤ አሰፋ የሚባለው አስጎብኚያችን በዚያው ሳምንት ድሬዳዋ ሌላ ሥራ አግኝቶ ሄዷል።

«አው ዐብዱሰመድ ይምሩዋቸዋ» አልኩ።

«እኔ በዓመት አንዴ መቃብሩን ልሳለም ለዚያራ ብወጣ ነው» አለ፤ «እሱንም ከሰው ጋር፣ የፊተኛውን ሰው ጀርባ እያየሁ። ምላሴን ላውሳችሁ፣ እግሬን ግን አትመኑት።»

አቶ ለገሠ ወደ ጓሮው ዞረው፣ «ከእናንተ መካከል የተራራውን መንገድ የሚያውቅ የለም?» አሉ።

ጓሮው ውስጥ የነበርነው እኔ፣ ዘበኛውና ዶሮዎቹ ነን።

«እኔ አውቀዋለሁ» አልኩ።

ተራራውን በእርግጥ አውቀዋለሁ። አርባ ዓመት ሙሉ ከታች አይቼዋለሁ። አንድም ቀን ግን ወጥቼው አላውቅም፤ ልብስ ይዞ ወደ ላይ የሚወጣ አጣቢ የለም።

አቶ ለገሠ አፍጥጠው አዩኝና፣ «እንግዲያስ ስሚ፤ እንግዶቹ ተደስተው ከተመለሱ ከሳፋው አንስቼ አስጎብኚ አደርግሻለሁ» አሉኝ። «ተማርረው ከተመለሱ ግን ሳፋሽ የትም አይሄድም።»

በማግሥቱ ረቡዕ ነበር። አስጎብኚ ልሁን እንጂ አንሶላውን የሚያጥበው ስለሌለ ገና ጎሕ ሲቀድ ወንዝ ወርጄ ሃያ ሁለቱን አጥቤ ዳገቱ ላይ አሰጣሁና ለሰዐዲያ አደራ ሰጠሁ።

«ወዴት ነው ጥድፊያው?» አለችኝ።

«ተራራ ልወጣ ነው። አስጎብኚ ሆኛለሁ።»

ሰዐዲያ ኮንጎ ጫማዬን አየች፣ ፊቴን አየች፤ ወደ ሳፋዋ ተመለሰች። አስተያየቷ ነው ያሳፈረኝ።

የምሳ ነገር በኔ ላይ ነበር። ለእንግዳ ክብር ብዬ ዘበኛው በሥላሴ ስም ያረዳትን ዶሮ ጠብሼ በቅርጫት ያዝኩ። ዳቦና ሙዝም ጨመርኩ። ቡዳ በር በሚባለው የግንቡ በር ወጥተን፣ ወንዙን ከላይ በኩል ተሻግረን ዳገቱን ጀመርነው። ወደ ላይ መውጣት ብልሃት አይጠይቅም፤ ጫፉ ይታያል። የሚጠይቀው ትንፋሽ ነው፤ እሱን ደግሞ ቤቴ ትቼው መጥቻለሁ። ፈረንጆቹ እንደ ፍየል ዘለሉት። ቀጥሎ አው ዐብዱሰመድ በከዘራው። አስጎብኚዋ ከሁሉ ኋላ፣ ዶሮ ተሸክማ። በየመታጠፊያው ሦስቱም ቆመው ይጠብቁኛል፤ ስደርስ ሴትዮዋ ፈገግ ብላ ውኃ ትሰጠኛለች። እንዲህ ያለ አስጎብኚ ያያችሁ እንደሆነ ንገሩኝ።

ከአናቱ ላይ የአው ሐኪም መቃብር አለ፤ ሙስሊሞቹ ለዚያራ የሚመጡበት ቦታ ነው። ጠባቂው ሽማግሌ በደስታ ተቀበሉን። ፈረንጆቹ ጫማቸውን አውልቀው ገቡ፤ እኔም ልከተል ስል ሽማግሌው ቅርጫቴን አዩ።

«ልጄ፣ ምንድን ነው የያዝሽው?»

«የእንግዶች ምሳ ነው፣ አባ። ዶሮ ናት።»

«ማን አረዳት?»

«የኛ ዘበኛ።»

ሽማግሌው አልተቆጡም። «እንግዲያውስ ይህችን ወዲያ፣ እታች ዛፉ ላይ ብትሰቅያት» አሉኝ በጣም በጨዋ አነጋገር። አርባ ዓመት ሐረር ኖሬ የክርስቲያን ሥጋ ይዤ ወደ ሙስሊም ዚያራ የመጣሁ ሴት እኔ ነኝ። አው ዐብዱሰመድ ሰማይ ሰማይ ያያል። ዞሬ ከአናቱ በወዲያኛው ወገን ያለ ዛፍ ላይ ዶሮዬን ሰቅያት ተመለስኩ።

ምሳ ሲደርስ ራቅ ብለን ተቀመጥንና፣ «ዶሮዋን ላምጣላቸው?» አልኩ።

አው ዐብዱሰመድ ጠየቃቸው። ራሳቸውን ነቀነቁ።

«ሥጋ አይበሉም።»

«እነሱም ረቡዕን ይጾማሉ?»

«ረቡዕ አይደለም። ዓመቱን በሙሉ አይበሉም።»

«ፋሲካንም?»

«ፋሲካንም።»

«ታዲያ እርስዎ ይብሉላቸዋ።»

«አስተግፊሩላህ! ቢስሚላህ ያልተባለባትን? አንቺ አትበዪያትም?»

«እኔ ጾመኛ ነኝ።»

ሳቁ እስኪያስነጥሰው ሳቀ። «ማሻአላህ! ተራራ ወጥታ በክብር የምትመለስ ዶሮ ይህች የመጀመሪያዋ ናት።» ለፈረንጆቹም አስተረጎመላቸው፤ እነሱም በእኔ ሳቁ። ሁላችንም ዳቦና ሙዝ በላን።

ልንነሣ ስንል ሽማግሌው ጫት አቀረቡ። አው ዐብዱሰመድ የጫቱን ቅርንጫፍ እያየ፣ «ይህን ሳልቀምስ ብወርድ ነውር ነው» አለ። «አንቺ ይዘሻቸው ውረጂ። መንገዱን ታውቂው የለ?»

የሚናገረው በእውነት ይሁን በሽርደዳ እስከ ዛሬ አላውቅም። «አውቀዋለሁ» አልኩ።

ዶሮዬን ላወርድ ወደ ዛፉ ሄድኩ፤ ፈረንጆቹም ተከተሉኝ። ቅርጫቴን ይዤ ቀና ስል ከእግሬ ሥር አንድ መንገድ ቁልቁል ይወርዳል። መንገድ ነው፣ ወደ ታች ነው፣ ከተማውም ታች ነው አልኩና ገባሁበት። ጥቂት እንደሄድን መንገዱ ለሁለት ተከፈለ። ግራውን ያዝኩ። እሱም ተከፈለ። በጫት ማሳ እርከን መካከል ገባን፤ ወደ ኋላ ብዞር ተራራው እንጂ ከተማው አይታይም። የሚኮተኩቱ ሴቶች ቀና ብለው አዩን። አንዷን በኦሮምኛ መንገዱ በየት ነው ብላት ይገላግለኝ ነበር። ግን አስጎብኚ መንገድ ይጠይቃል? መንገዱን ዕለት ዕለት እንደምመላለስበት ሁሉ በኩራት ሰላም ብዬ አለፍኩ። ለሁለተኛ ጊዜ በዚያው ማሳ በኩል ስንመጣም እንደገና ሰላም አልኳቸው። በሦስተኛው እነሱ ቀደሙኝ።

ፈረንጆቹ ተያዩ። አፍ የለኝም፣ አፍ የሆነኝ ሰው እዚያ አናቱ ላይ ቀርቶ ጫት እየቃመ ነው። ፀሐይዋ አዘቅዝቃለች። በልቤ ሳፋዬን ተሰናብቼ እንዳልነበር መልሼ ሰላም ማለት ጀመርኩ።

ወዲያው አንድ ጉብታ ስንታጠፍ ሰውየው ቀጥ ብሎ ቆመ። እጁን አፉ ላይ ጫነ። ሚስቱ ክንዱን ይዛ ወደ ታች ትጠቁማለች። ታመመብኝ ብዬ ሮጬ ስደርስ እኔም አየሁት። ከታች፣ በሁለቱ ዳገት መካከል፣ ከላይ እስከ ወንዙ አፋፍ የሚወርድ ነጭ ነገር በፀሐይ ያበራል። ዓይን ይወጋል።

እነሱ ያዩትን እነሱ ያውቃሉ። እኔ ያየሁት ሃያ ሁለት አንሶላ ነው።

በሕይወቴ አንሶላ በማየት እንደዚያ ደስ ብሎኝ አያውቅም። ከዚያ በኋላ መንገድ አላስፈለገኝም፤ በቁጥቋጦው መካከል ቀጥታ ወረድኩ። ሰዐዲያ ከሳፋዋ ቀና አለች።

«ወለቴ! ተራራሽ እዚህ ነው እንዴ?»

«ዝም በይ እባክሽ።»

«ወላሂ፣ ሁለት ፈረንጅ አስከትለሽ ወደ ሳፋሽ መጣሽ? ቅርጫቱስ ምንድን ነው?»

«ዶሮ ናት። እንዳትጠይቂኝ።»

እኛ ስንነጋገር ሴትዮዋ ጫማዋን አውልቃ ወንዙ ውስጥ ገብታለች። ሰዐዲያ የዘፈዘፈችው ብርድ ልብስ ነበር፤ በእግር እንደሚረገጥ በምልክት አሳየቻት። ቀሚሷን ሰብስባ ረገጠችው፤ እየዘፈነች ረገጠችው። ሰውየው የአንሶላውን አንድ ጫፍ ይዞ ሌላውን ለእኔ ሰጠኝ፤ ሃያ ሁለቱንም ከእኔ ጋር አጠፈ። እኔ ስንት ዓመት ልሸሸው የተመኘሁትን ሥራ ሰው ከሰሜን ጫፍ መጥቶ ሲስቅበት ማየት ደግ አይደለም።

ሆቴል ስንደርስ አው ዐብዱሰመድ በትክክለኛው መንገድ ወርዶ፣ ታጥቦ፣ ወንበሩ ላይ ተቀምጧል። አቶ ለገሠ በሩ ላይ ቆመው ሰዓታቸውን ያያሉ። የሴትዮዋን እርጥብ ቀሚስ ሲያዩ ፊታቸው ጠቆረ።

«ምን አደረግሻቸው?»

መልስ ከመስጠቴ በፊት ሰውየው መናገር ጀመረ። ረዥም ተናገረ። አው ዐብዱሰመድ ለጊዜው ቀልዱን ትቶ አስተረጎመ።

«ከአገሩ ከወጣ ሰባት ወሩ ነው። ከላይ ሆኖ ሲያይ የአገሩ ግግር በረዶ ከተራራው ወደ ባሕሩ ሲወርድ መሰለው። ነገ ጀልባው ይቅርብን ይላሉ፤ ጀልባ በአገራቸው ሞልቷል። ነገም ወደዚያ ወንዝ ውሰዱን፣ አብረን እንጠብ ነው የሚሉት።»

አቶ ለገሠ ቀስ ብለው ወደ እኔ ዞሩ። «ለመሆኑ ወደ ወንዙ ያወረድሻቸው አስበሽበት ነው?»

እዚህ ላይ እውነቱን መናገር ነበረብኝ። መንገድ ጠፍቶኝ ነው ብል ኖሮ ያው አጣቢ ሆኜ እቀር ነበር፤ እሱም ካላባረሩኝ።

«አስቤበት ነው ጌታዬ» አልኩ።

አቶ ለገሠ ቃላቸውን ጠበቁ። በዚያው ሳምንት አስጎብኚ አደረጉኝ። በሆቴሉ በር ላይ በሦስት ቋንቋ የተጻፈ ወረቀት ተሰቀለ፤ ተራራው አለ፣ ሐይቁ አለ፣ ግንቡ አለ፣ ከሥራቸው «ከወይዘሮ ወለተሥላሴ ጋር በወንዝ ዳር ልብስ ማጠብ» ይላል። ተራራውን የሚመራ ከድር የሚባል ሌላ ሰው ተቀጠረ። ለእኔ ሥራው ያው ነው፤ ሳፋው ያው፣ ወንዙ ያው። ልዩነቱ አሁን አንዳንድ ቀን እያጠብኩ ፎቶ እነሣለሁ፤ ንጹሕ ቀሚስም መልበስ አለብኝ፤ እሱንም ራሴ አጥበዋለሁ። ሰዐዲያ ሰላምታዋን ለውጣለች። «ደኅና አደርሽ፣ አስጎብኚዬ» ትለኛለች በየጠዋቱ።

ዶሮዋን ሐሙስ ዕለት ብቻዬን በላኋት። ደርቃ ነበር።