ከሙኑ አርሮ ነበር

በምግብ ቤቱ ፋሂታ የሚባለውን የሜክሲኮ ጥብስ ቅመም ለአሥራ ስድስት ዓመት ያዘጋጀችው እሷ ናት። ከሙኑን ቆልታ ትፈጭና ከፓፕሪካ፣ ከነጭ ሽንኩርት ዱቄት፣ ከኦሬጋኖና ከጨው ጋር ታዋህደዋለች። ማንኪያ አታውቅም፤ መለኪያዋ አፍንጫዋ ነው። «የእትዬ አፍንጫ የጎረቤትን ድስት ያማስላል» እያሉ ባልደረቦቿ ይቀልዱባት ነበር።

ባለፈው ክረምት ብርቱ ጉንፋን ያዛት። ጉንፋኑ ሲለቃት ማሽተት ግን አልተመለሰላትም። ከሐኪሟ በቀር ለማንም ሳትናገር፣ በዓይኗ እየገመተች ሰባት ወር ሠራች።

አንድ ቀን ከሙኑን እሳት ላይ ጥዳ፣ ጀርባዋን ሰጥታ ቃሪያ ስትከትፍ ዋናው ሼፍ እየሮጠ ገባ።

«እትዬ፣ ከሙኑ እኮ አረረ! አልሸተተዎትም?»

ዞር ስትል ጭሱን በዓይኗ አየች።

«ከመቼ ጀምሮ ነው?» አላት፣ ድምፁን ዝቅ አድርጎ።

«ከክረምት።»

አልተቆጣትም። በሳምንቱ የታሸገ ቅመም በካርቶን መጣ፤ እሷም ሽንኩርት መላጥ ላይ ተመደበች። «ይመለስ ይሆናል» ይላት የነበረው ሐኪምም ቀጠሮ መስጠቱን ተወ።

እሁድ ዕለት ልጇ «እማ፣ ፋሂታ ሥሪልኝ» አለቻት። ቅመሙን እንደምንም ቀምማ፣ ዶሮውን በእሱ አሽታ ጠበሰችላት።

«እንዴት ነው?»

«እንደ ድሮው ነው፣ እማ» አለቻት ልጇ፤ ግማሹን ሳትነካ ሳህኑን አነሳች።