ወፍጮው የሚያስታውሰው

በደርግ ዘመን መጨረሻ አካባቢ ደብረ ብርሃን ውስጥ አንድ የዱቄት ፋብሪካ ተመድቤ እሠራ ነበር። ውጭ አገር ተምሬ መምጣቴን ሁሉም ያውቃል፤ ስለዚህ ሁሉም በጎሪጥ ያየኛል። እኔም አልሰነፍኩም። ያልጠረጠረ ተመነጠረ የሚባልበት ጊዜ ነበርና ሰላምታ ስቀበል እንኳ ከጀርባው ምን አለ እያልኩ ነበር።

ከእነዋሪ የሚመጣውን ስንዴ የሚፈጨው ወፍጮ አዲስ ነው። የሚታዘዘው የብረት ካቢኔ ውስጥ በተቀመጠ ኤሌክትሮኒክ መቆጣጠሪያ ነበር። ይህ ወፍጮ በየወሩ አንድ ቀን ሳይታሰብ ቀጥ ይላል። ያን ጊዜ የከተማው ዳቦ ቤቶች ባዶ ይሆናሉ፤ የፋብሪካው ካድሬም «ይህ የኢኮኖሚ አሻጥር ነው» እያለ ግቢውን ይዞራል። አሻጥረኛ የተባለ ሰው ወዴት እንደሚወሰድ የማያውቅ አልነበረም።

መቆጣጠሪያው የገጠመውን ሁሉ ለራሱ ይመዘግባል። ቺፑ ውስጥ የተቀበረው ፕሮግራም፣ ፈርምዌር የሚሉት፣ ሙቀት ሲጨምር፣ መብራት ሲጠፋ፣ የካቢኔው በር ሲከፈት ከነቀኑ ይጽፋል። ችግሩ መዝገቡን የሚያነብለት አለመኖሩ ነው። ቢሮ ያለችው አንዲት ኮምፒውተር ወፍጮ መኖሩንም አታውቅም። የእኔ ሥራ ኦፕሬቲንግ ሲስተሟ ከመቆጣጠሪያው ጋር የሚነጋገርበትን ድራይቨር መሥራት ነበር። ከሁሉ በፊት ግን መወሰን የነበረብኝ ኮምፒውተሯ ፊት የተቀመጠ ሰው መቆጣጠሪያውን ምን ምን ብሎ እንዲያዘው እንደምፈቅድለት ነው። ክፈት፣ አንብብ፣ ዝጋ፤ እነዚህ አያከራክሩም። እንቅልፍ የነሳኝ አራተኛው ነው፦ ደምስስ።

«አንብቦ የሚደመስስ ይሁን» ብሎኛል ካድሬው።

ለምን? ብቻውን አንብቦ ካጠፋው በኋላ የፈለገውን ሰው ስም ሊጠራ ነው አልኩ በሆዴ።

«ጓድ፣ ማሽኑ መደምሰስ አይፈቅድም» አልኩት። ውሸቴን ነው፤ የአምራቹ መመሪያ ላይ ትእዛዙ ቁልጭ ብሎ ተጽፏል። ድራይቨሩን ግን ከማንበብ በቀር ምንም እንዳያውቅ አድርጌ ሠራሁት። በብልሃቴም ኮራሁ።

የወፍጮው ኦፕሬተር አንኮበር ከካህናት ቤት የተወለዱ፣ ዝምተኛ ሽማግሌ ነበሩ። አንድ ቀን ሻይ ቤት አጠገቤ ተቀመጡና፣

«ልጄ፣ ያ ሣጥን የከፈተውን ሰው ስምም ይጽፋል?» አሉኝ።

ካድሬው የላካቸው መሰለኝ።

«ምን አውቄ ጋሼ፣ ገና አልጨረስኩትም» አልኳቸው። ከዚያ ወዲያ ሻይ ቤት ቀየርኩ።

ድራይቨሩ የሠራ ዕለት መዝገቡን ወረቀት ላይ አትሜ ብቻዬን አነበብኩት። ከእያንዳንዱ መቆም ቀደም ብሎ የካቢኔው በር ተከፍቷል ይላል። ማን እንደከፈተው አይልም። ቀኖቹ በፈረንጅ አቆጣጠር ስለሆኑ የተዘበራረቁ ይመስላሉ፤ አንዱ ሃያ ሁለት፣ ሌላው ሃያ አንድ፣ ሌላው ሃያ። ወደ እኛ አቆጣጠር ስመልሳቸው ሁሉም አሥራ ሁለት ሆነው ቁጭ አሉ። ሚካኤል! ጋሼ በሚካኤል ቀን በቤተ ክርስቲያን በኩል ዞረው፣ ኮታቸው ኪስ ውስጥ ትንሽ ጠርሙስ ይዘው እንደሚገቡ ትዝ አለኝ። ወፍጮውን ጠበል ይረጩት ነበር። መቆጣጠሪያው ደግሞ ጠበልን ከውሃ አይለይም።

ሳቅ አፈነኝ፤ ወዲያው ደግሞ ፍርሃት ያዘኝ። ምስኪኑ ሰውዬ ለራሳቸው ፈርተው ቢጠይቁኝ እኔ ሊሰልሉኝ ነው ብዬ ሸሸኋቸው። አሁን መደምሰስ አማረኝ። ትእዛዙን ልጨምር ስል የቢሮው በር ተከፈተና ካድሬው ጋሼን አስከትሎ ገባ።

«ሠርቷል አሉ» አለ። ማን እንደነገረው እስከ ዛሬ አላወቅሁም።

ያተምኩትን ወረቀት ከእጄ ወስዶ ግድግዳው ላይ ከተሰቀለው፣ ሁለቱንም አቆጣጠር ከያዘው ካላንደር ጋር ያስተያይ ጀመር። የመጀመሪያውን ቀን አገኘው። ሁለተኛውንም አገኘው። ሦስተኛው ላይ ጣቱ ቆመ።

«ደምስሰው» አለ።

ወጥመድ ነው አልኩ። እሺ ብል ውሸቴ ይወጣል፤ ማስረጃ አጠፋ ተብዬም ከጋሼ ጋር እወሰዳለሁ።

«ጓድ፣ ማሽኑ አይፈቅድም ብዬዎት...»

«ብለሃል» አለ። ወረቀቱን አጣጥፎ ኪሱ ከተተና ወደ ሽማግሌው ዞረ። «ጋሼ» አለ፤ ከሱ አፍ ጓድ እንጂ ጋሼ ሰምቼ አላውቅም። «ጠበሉን ለምን ውስጡን ይረጩታል? ከውጭ በሩ ላይ አይበቃም ነበር?»

ጋሼ መሬት መሬት እያዩ፣ «ከውጭማ እርስዎ የለጠፉት መፈክር አለበት። እሱን አረጠበ እንዳልባል ፈርቼ ነው» አሉ።

ካድሬው ወጥቶ ወደ ወፍጮው ሄደ። በመስኮት ስናይ መፈክሩን እንዳይቀደድ ቀስ አድርጎ ላጠው፤ ወስዶም የመጋዘኑ በር ላይ ለጠፈው።

«ምን ማለቱ ነው ልጄ? ሊያሲዘኝ ነው?» አሉኝ ጋሼ።

«እኔ ምን አውቃለሁ ጋሼ» አልኳቸው። በዚህኛውስ አልዋሸሁም።

በማግስቱ ማንም አልመጣም፤ በሳምንቱም አልመጣም። የካቢኔው በር ባዶውን ከረመ። የሚቀጥለው ወር ሚካኤል ሲደርስ ጋሼ እንደ ልማዳቸው ማልደው ገቡ። ባዶው በር ፊት ቆሙ፣ ግራ ቀኝ ገላመጡ፣ እኔንም አዩኝ። ከዚያ ጠርሙሱን የያዘ እጃቸውን ከኪሳቸው ሳያወጡ ወደ ሥራቸው አለፉ።