ሻርፑና የጋዝ መኪናው

በአንድ ዕቃ አከፋፋይ ድርጅት ጋራዥ ውስጥ አዛውንቱን መካኒክ በስማቸው የሚጠራቸው የለም፤ «አፍንጫው» ናቸው። የተቃጠለ ፍሪሲዮን፣ የሚንጠባጠብ ቤንዚን፣ ሹፌሩ ማታ የጠጣውን ሳይቀር ኮፈን ሳይከፍቱ ይናገሩ ነበር።

ሚስታቸው ከሞተች ወዲህ ጠዋት ጠዋት ሻርፗን ከመሳቢያ አውጥተው ሳያሸቱ ከቤት አይወጡም። አንድ ሰሞን ጉንፋን ጥሏቸው ሲነሡ ሻርፑ ምንም አልሸት አላቸው። «በየቀኑ እየከፈትኩ እኔው ጨረስኳት» አሉና መሳቢያውን ቆለፉ። ያን ቀን ሁለተኛ የቀበሯት ያህል አለቀሱ። ምግብም አልጣማቸውም፤ ሐዘኑ ነው ብለው ተዉት።

በዚህ መሐል ድርጅቱ ዕቃ የሚያከፋፍልባቸውን ትንንሽ መኪኖች ከቤንዚን ወደ ጋዝ ለመቀየር አሰበ፤ ያው በሲሊንደር ተሞልቶ ለምድጃ የሚሸጠው ጋዝ ነው። ሁለቱ ለሙከራ ተቀየሩ። ጋዙ ሲያመልጥ እንዲታወቅ ሽታ ይጨመርበታልና ፍተሻው ለማን ይሰጥ? ለአፍንጫው።

ሙከራው እሰየው የሚያሰኝ ነበር። ካንዴላው ንጹሕ፣ ዘይቱ ቶሎ የማይጠቁር። ሲሊንደሩ የዕቃ ቦታ ይሻማል፣ ጋዙም ከቤንዚን ቶሎ ያልቃል፤ ቢሆንም ያዋጣል።

አንድ ጠዋት የአንደኛው ሙከራ መኪና ሹፌር ከመኪናው ዘልላ ወረደች።

«ጋሼ፣ ይሸታል!»

አፍንጫው ጎንበስ ብለው አየሩን ሳቡ። ምንም የለም።

«ቁርስ ሳትበዪ ወጥተሽ ነው። ሂጂ ንጂ!»

«ኧረ በናትዎ ጋሼ፣ የገማ እንቁላል እኮ ነው የሚሸተው!»

አላመነቻቸውም። የሳሙና ውሃ አምጥታ ቧንቧው መጋጠሚያ ላይ ስታፈስበት አረፋው ኩፍ ኩፍ አለ። አፍንጫው ቫልቩን ዘጉ። የሰው ልጅ ከነመኪናዋ በእሳት ሊያስበሉ ነበር።

በቀጥታ አለቃው ዘንድ ገቡ።

«ጋዙ ጥሩ ነው፣ ቀይሯቸው። እኔን ግን ከፍተሻው አውጡኝ፤ አፍንጫዬ ሞቷል።»

አለቃው ቀልድ መስሎት ሳቀ። እሳቸው ግን ይህን ቃል ከአፋቸው ሲያወጡት ነው ሻርፑ ትዝ ያላቸው። ካፖርታቸውን እንኳ ሳይዙ ወደ ቤት ገሠገሡ።

መሳቢያውን ከፍተው ሻርፑን ለሴት ልጃቸው ሰጧት።

«እስቲ አሽቺው።»

«ምነው አባዬ?»

«አሽቺው ብቻ።»

ፊቷን ሻርፑ ውስጥ ቀብራ ቆየች። ቀና ስትል ዓይኗ እንባ ሞልቷል።

«እማዬን ይሸታል።»

«ዛሬም?»

«ዛሬም፣ አባዬ።»

ተቀብለው ሳቡ፤ ደግመው ሳቡ። ከዚያ አጣጥፈው መለሱላት።

«እንግዲህ አንቺ ያዢው» አሉ።