ሦስት አፍ፣ አንድ ጉሮሮ

ልጄ ትዕግስት አዲስ አበባ የኮምፒውተር ሥራ ነው የምትሠራው። ሰሞኑን ለእረፍት መካነ ሰላም መጥታ፣ ድንች ወጥ እየበላን ስለ ሥራዋ ታጫውተኝ ጀመር። ሰው ሳይኖር እርስ በርሳቸው የሚገበያዩ ፕሮግራሞች አሉ አለችኝ። ያሻው ሰው የራሱን ፕሮግራም ወደዚያ ገበያ መላክ ይችላል። ስለማይተዋወቁም አንዱ ስለ ሌላው ይጠይቃል፤ “ታማኝ ነው” የተባለው ይሸጣል፣ “አታላይ ነው” የተባለው ቆሞ ይውላል። የእሷን ፕሮግራም ታዲያ ሦስት ሌሎች ፕሮግራሞች ተመሳጥረው ስሙን አጠፉት። “አዲስ ዓይነት ችግር ነው፣ እማ” ስትለኝ ጉርሻው ሊያንቀኝ ነበር። አዲስ! ይኸን ችግርማ ከላላ በሚባለው ከተማ ገበያ ላይ በዓይኔ በብረቱ አይቸዋለሁ።

ያን ጊዜ ኮረዳ ነበርኩ። አባቴ በአካባቢያችን የታወቀ ዋስ ነበር። በሬ የሚሸጥ ሁሉ ከብቱ የስርቆት እንዳልሆነ፣ አመልም እንደሌለው እንዲመሰክርለት እሱን ይዞ ነበር ገበያ የሚወርደው። ቀልድ አይደለም፤ ጉድ ከወጣ ተጠያቂው ዋሱ ነው። ስለዚህ አባቴ ያላየውን አይመሰክርም፤ የመሰከረውንም ማንም አይጠራጠርም። እኛን ቤት ያስከበረን መሬታችን ሳይሆን ይኸው ስሙ ነበር።

በኅዳር፣ ባቄላው ሲታጨድ፣ በቅሏችንን ልንሸጥ ከላላ ሄድን። እዚያ በቅሎ ጥሩ ዋጋ ታወጣለች ብለውን ነው። ዳገት ቁልቁለቱን ቆሎ እየቆረጠምን ወጥተን ወረድን፤ ዘመድ ቤት አድረን በማግስቱ ገበያው ሳይሞቅ ደረስን። እዚያ ግን አባቴን የሚያውቅ አንድ ሰው አልነበረም።

መጀመሪያ አንድ ደላላ መጥቶ በግማሽ ዋጋ ጠየቀን። አባቴ ሳቀበት። ከዚያ በኋላ ገዥ በመጣ ቁጥር አንድ ጥምጣም ያሰረ ሰው ጠጋ ይልና “ወላሂ፣ ይችን በቅሎ አውቃታለሁ! ወረኢሉ ላይ ሰው ጥላ እግሩን ሰብራዋለች” ይላል። ገዥው ሲያመነታ ደግሞ ሌላው በወዲያ በኩል መጥቶ “በኪዳነ ምሕረት፣ እኔም አይቻለሁ” ይላል። አንዱ ሙስሊም፣ አንዱ ክርስቲያን፣ የማይተዋወቁ የሚመስሉ፤ ማን አይታለል?

ንዴቴን መቻል አቃተኝ። ያለ ኮርቻ ዘልዬ ወጣሁና ገበያውን አቋርጬ ጋለብኋት። በግ ናት፣ በግ! አልደነበረችም፣ አልተራገጠችም። ደላላው ግን “ባለቤቷንማ መች ትጥላለች!” ሲል ሰዉ አሽካካ። አሁንም ሳስበው ደሜ ይፈላል። ዓይናቸው ያየውን ትተው ጆሯቸው የሰማውን አመኑ።

ስንመለስ ደላላውና ሁለቱ ምስክሮች ሻይ ቤት ደጃፍ አንድ አግዳሚ ላይ ተቀምጠው ሲሳሳቁ አገኘናቸው። ድንጋይ አነሳሁ። አባቴ እጄን ያዘኝ።

“ተይ፣ ልጄ። ድንጋዩንም ምስክር ያደርጉብናል።”

በቅሏችንን ይዘን አገራችን ገባን፤ ወሬው ግን ቀድሞናል። “የበቅሎዋን አመል ደብቆ ሊሸጥ ሲል ተያዘ” ተባለ። ይኸን ያሉት እኮ በዚያችው በቅሎ ሙሽራ ያመጡ ጎረቤቶቻችን ናቸው! አባቴን ፊት ለፊት ማንም ምንም አላለውም። ብቻ ለዋስነት መጥራት ተዉ። የገበያ ቀን በመጣ ቁጥር ጋቢውን ለብሶ ደጅ ይቀመጥ ነበር፣ ምናልባት የሚጠራኝ ቢመጣ ብሎ። እስኪሞት ድረስ አንድም ሰው አልመጣም።

አባቴ ሲመሰክር ራሱን አስይዞ ነበር። እነዚያ ያስያዙት ነገር አልነበረም፤ ስለዚህ አፋቸው ቀለላቸው። ትዕግስት ይኸን ስነግራት ልታጽናናኝ ብላ “የእኛስ መላ አለው፣ እማ። ፕሮግራሙን ሰርዘን በሌላ ስም እናስገባዋለን” አለችኝ።

“ሦስቱስ?”

“እነሱማ ስማቸው ጥሩ ነው። ባሉበት ይቀጥላሉ።”

ክፉ አስባ አይደለም። እኔ ግን ትሪውን ገፋሁት።

“የዋሹት ስማቸውን ይዘው ሊኖሩ፣ እሱ ሊለውጥ? የአባቴ ስም ምን አጥፍቶ ነው የሚቀየረው?”